ፖስትፊክስን አታፍርሰው፤ መጀመሪያ መዝገቡን አንብብ

ጥያቄው፦ «ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ለ14 ሠራተኞች በራሳችን ማሽን ላይ ኡቡንቱ፣ ደብዳቤ የሚልከውንና የሚቀበለውን ፖስትፊክስ፣ ሳጥኑን ለሠራተኞች የሚያቀርበውን ዶቭኮት ጭኜ የኢሜይል ሰርቨር ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ቋሚ አይፒ አድራሻ አለን። እርስ በርስ እንላላካለን፤ ወደ ጂሜይል የምንልከው ግን አብዛኛው 550 5.7.25 የሚል ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ የቀረውም አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ይወድቃል። ኤስፒኤፍ (በስማችን መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ዝርዝር) አስገብቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተራችን ተቃጠለና በሌላ ተተካ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚላክልን ሁሉ ቆመ፤ መዝገቡ ላይ 554 5.7.1 እና የስፓምሃውስ (የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎችን ጥቁር መዝገብ የሚይዘው ድርጅት) ስም ያለበት መስመር ይደጋገማል። ሥራ አስኪያጃችን ‹ወደ ኪራዩ ሰርቨር እንመለስ› እያሉ ነው። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?»

ወንድሜ፣ ምንም ነገር አታጥፋ። የላክኻቸው ሁለት ቁጥሮች ችግሩ የት እንዳለ ነግረውሃል፤ ሁለቱም ከአጫጫንህ ጋር አይገናኙም። ሁሉን አጥፍተህ ብትጭን ከሦስት ቀን ድካም በኋላ እነዚያኑ ቁጥሮች መልሰህ ታያቸዋለህ። ከዚያም በላይ፣ አሁን እዚያ ማሽን ላይ ያለው መዝገብ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ፋይል፣ ከማሽኑ ራሱ ይበልጥ ውድ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አሁኑኑ አድርግ። በፖስትፊክስ ዋና የቅንብር ፋይል ውስጥ ሶፍት ባውንስ የሚባል ቅንብር አለ፤ አብራውና ፖስትፊክስ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ እዘዘው። በኢሜይል ሰርቨሮች ንግግር በ5 የሚጀምር መልስ «አልቀበልህም፤ አትመለስ» ማለት ነው፤ ላኪው ሰርቨር ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ለጻፈው ሰው ይመልስበታል። በ4 የሚጀምር መልስ «አሁን አልተመቸኝም፤ ቆይተህ ና» ነው፤ ላኪው ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። ሶፍት ባውንስ በርቶ ሳለ ሰርቨርህ በ5 ሊመልስ የነበረውን በ4 ይመልሳል። ሰርቨርህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለደንበኞቻችሁ «አትመለሱ» ሲል ከርሟል፤ ይህ ዛሬ መቆም አለበት። ጥገናው ሲያልቅ ማጥፋቱን አትርሳ፤ በርቶ ከቀረ የማይረባው ሁሉ ወረፋህን ያጨናንቃል።

አሁን ወደ ገቢው ደብዳቤ እንምጣ። አዲሱ ራውተር ሲገባ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፖርት 25 (ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበት በር) ወደ ሰርቨሩ አልተመራም ብሎ ነው። ያንተ ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። መዝገቡ ደብዳቤዎችን ውድቅ ሲያደርግ እየታየ ነው፤ ውድቅ ለማድረግ ደግሞ አስቀድመው በሩ ድረስ መድረስ አለባቸው። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው፤ የተሳሳተው በረኛው ነው።

በረኛው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳህ። ከውጭ አንድ ሰርቨር ፖርት 25 ሲያንኳኳ ፖስትፊክስ የእንግዳውን አይፒ ቁጥር ይገለብጥና በዲኤንኤስ (የኢንተርኔት የስምና የቁጥር ማውጫ) በኩል ስፓምሃውስን «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አድራሻው በጥቁር መዝገብ ላይ ከሌለ መልስ የለም፤ ካለ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር ይመጣል። ስፓምሃውስ በነጻ የሚሰጠውን ይህን አገልግሎት እንደ 8.8.8.8 ባሉ ለሁሉም ክፍት በሆኑ የዲኤንኤስ መጠየቂያዎች በኩል ለሚመጣ አይሰጥም፤ በዚያ በኩል ሲመጣ ጠያቂው ማን እንደሆነ መለየት አይችልምና። በዚህ ጊዜ የሚመልሰው 127.255.255.254 የሚል ቁጥር ነው። ትርጉሙም «በዚህ መንገድ ስለመጣህ አልመልስልህም» ማለት ነው። ፖስትፊክስ ግን ካልነገርከው በስተቀር ልዩነቱን አያውቅም፤ መልስ እስከመጣ ድረስ «ተመዝግቧል» ብሎ ይወስደዋል። አንድ ዘበኛ በሩ ላይ የቆመ እንግዳን ማንነት ቀበሌ ደውሎ ሲጠይቅ «በዚህ ስልክ መረጃ አንሰጥም» ተብሎ፣ እሱ ግን «ሌባ ነው ብለውኛል» ብሎ ሁሉንም እንደመለሰ ቁጠረው። ሰርቨርህ ሁለት ሳምንት ሲያደርግ የከረመው ይኸው ነው።

የድሮው ራውተር የአገልግሎት ሰጪያችሁን ዲኤንኤስ ሲያድል ነበር፤ አዲሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ወይም ያስገባው ሰው እንደለመደው 8.8.8.8ን እያደለ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ግምቱን ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስፓምሃውስ ለመፈተኛ ብሎ ሁልጊዜ በመዝገቡ ላይ የሚያስቀምጠው አድራሻ አለ፤ 127.0.0.2 ነው። ዲኤንኤስን በእጅ በሚጠይቀው በዲግ ትእዛዝ 2.0.0.127 ብለህ ከኋላው ዜን የሚባለውን የስፓምሃውስ ዝርዝር ሙሉ ስም አስከትለህ ጠይቅ። በመልሱ ውስጥ 127.0.0.2 ካለ መንገዱ ጤነኛ ነው። 127.255.255.254 ከመጣ ያልኩት ነው። ምንም ካልመጣም መንገዱ ተበላሽቷል፤ በረኛህ ማንንም ሳያጣራ እያስገባ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሰርቨሩ የራሱ የዲኤንኤስ ጠያቂ እንዲኖረው ማድረግ ነው። አንባውንድ የሚባለውን የዲኤንኤስ ጠያቂ ፕሮግራም እዚያው ማሽን ላይ ጫን፤ ጥያቄውን ለሌላ እንዲያስተላልፍ አትዘዘው፤ ራሱ ከሥር ጀምሮ ፈልጎ ያምጣ። ከዚያ ማሽኑ 127.0.0.1ን እንዲጠይቅ አድርግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሙሉ ቀን የሚያባክንበት ጉድጓድ አለ። ኡቡንቱ ላይ የፖስትፊክስ አንዳንድ ክፍሎች በራሳቸው አጥር ውስጥ ታጥረው ነው የሚሠሩት፤ የዲኤንኤስ አድራሻውንም የሚያነቡት በአጥሩ ውስጥ ከተቀመጠ ቅጂ ነው። ቅጂው የሚታደሰው ፖስትፊክስ ሲነሳ ነው። ስለዚህ አንተ በዲግ ስትሞክር ትክክለኛው መልስ ይመጣል፤ ፖስትፊክስ ግን አሁንም የድሮውን ይጠይቃል፤ አንተም «ኧረ ምን ሆነ?» እያልክ ትቀራለህ። ቅንብሩን እንዲያነብ ማዘዝ አይበቃም፤ አቁመህ አስነሳው።

በዚያው እጅህ በረኛውን አስተምረው። በፖስትፊክስ ቅንብር ውስጥ የስፓምሃውስ ስም ካለበት ቦታ ላይ የእኩል ምልክት አስከትለህ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያለውን መልስ ብቻ እንዲቆጥር ጻፍለት። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ዲኤንኤሱን ቢቀይርብህ እንኳ ከዚህ በኋላ ደንበኛ አይባረርም። እኔ ይህን መስመር ሳላይ ከማንም ሰርቨር ፊት አልነሳም።

ራውተሩን ሳንለቅ አንድ አደገኛ ነገር ተመልከት። አንዳንድ ራውተር ከውጭ የመጣውን ግንኙነት ወደ ውስጥ ሲያሳልፍ የላኪውን አድራሻ በራሱ የውስጥ አድራሻ ይተካዋል። እንዲህ ከሆነ ለሰርቨርህ የዓለም ሰው ሁሉ ከ192.168 የመጣ ይመስለዋል። ፖስትፊክስ ደግሞ በማይኔትወርክስ መስመር ላይ የውስጥ አድራሻዎችን እንዲያምን አዘህው ከሆነ፣ የማንንም ደብዳቤ ለማንም የሚያስተላልፍ ክፍት መተላለፊያ ሆነሃል ማለት ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ለማግኘት ቀን አይፈጅባቸውም። መዝገቡን ክፈትና ከውጭ የገባ አንድ ግንኙነት ፈልግ፤ የላኪው አድራሻ የውጭ አይፒ ነው ወይስ የራውተሩ የውስጥ ቁጥር? የራውተሩ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ካንተ አገላለጽ ይህ የደረሰ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ሳታይ እንዳታልፍ።

መዝገቡ ከማሽኑ ይበልጥ ውድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ፖስትፊክስ አንድ ደብዳቤ ውድቅ ሲያደርግ ማን ለማን ሊልክ እንደነበር ጭምር ይጽፋል። በ5 ተመልሰው የሄዱት ደብዳቤዎች በራሳቸው አይመጡም፤ ጠፍተዋል። የላኪዎቹ ስም ግን አለህ። የ14 ቀኑን መዝገብ አውጣ፤ 554 ያለባቸውን መስመሮች ለይ፤ የላኪዎቹን አድራሻ አንድ ላይ ሰብስብና የአጭበርባሪዎቹን አውጥተህ የቀረውን ለጸሐፊያችሁ ስጣት። እሷ ደውላ «ሰርቨራችን ተበላሽቶ ነበር፤ እባክዎ እንደገና ይላኩልን» ትበላቸው። ማሽኑን አጥፍተህ ብትጭን ኖሮ ይህ ዝርዝር አብሮ ይጠፋ ነበር። የሒሳብ ቢሮ ናችሁ፤ ከእነዚያ ደብዳቤዎች መካከል ቀነ ገደብ ያለው የግብር ሰነድ አይጠፋም።

መዝገቡን ስታነብ ሰዓቱን ተጠንቀቅ። ጥቂት ዓመት ይሆናል፤ ካዛንቺስ አካባቢ ላለ አንድ ድርጅት የጨረታ ሰነድ ደረሰ አልደረሰም የሚል ክርክር ተነሥቶ ተጠራሁ። ጸሐፊዋ የወጪ ደብዳቤ መዝገቧን ዘርግታ አሳየችኝ፤ በሰማያዊ እስክርቢቶ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከዚያም «በ4፡20 በኢሜይል ተልኳል» ይላል። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ የሰርቨሩን መዝገብ 4፡20 ላይ ፈልጎ ምንም ስላላገኘ «አልተላከም» ብሎ ፈርሞ ሄዷል። ሰርቨሩ ግን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡20 በዚያ መዝገብ ላይ 07፡20 ነው። እዚያ መስመር ላይ ስንሄድ ደብዳቤው ቁጭ ብሏል፤ ተቀባዩ ሰርቨር 250 ብሎ መረከቡም ተጽፏል። ያንን መስመር ከወረፋ ቁጥሩ ጋር ይዘን ስንሄድ የተቀባዩ ድርጅት ባለሙያ ደብዳቤውን አይፈለጌ መልእክት ውስጥ አገኘው። ልጅቱ ሁለት ቀን ስታለቅስ ነበር። ስለዚህ ሰርቨርህ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ከሚታየው ላይ 3 ቀንስ፤ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ሰጥተኸው ከሆነ 6 ቀንስ፤ ሰው አፍ ላይ ያለው ሰዓት ይመጣልሃል።

ወደ ወጪው ደብዳቤ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። 5.7.25 ጂሜይል «የምትልክበት አይፒ ፒቲአር የለውም፤ ወይም ስሙና ቁጥሩ አይመሳከሩም» ሲል የሚሰጠው ቁጥር ነው። ፒቲአር አይፒው ሲጠየቅ የባለቤቱን ስም የሚመልስ የዲኤንኤስ መዝገብ ነው። ኤስፒኤፍ ስታስገባ ለውጥ ያላየኸው ለዚህ ነው፤ የቆሰለው እግር ሆኖ ሳለ እጅ ላይ ፋሻ ጠቅልለሃል።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚታመን አስብ። ከላይ የድርጅቱ ስም፣ ቁጥርና ቀን፤ ከሥር ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም። ደብዳቤውን ያመጣው መልእክተኛ ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ዲኪም የሚባለው የኢሜይል ፊርማ ማኅተሙ ነው፤ ደብዳቤው በመንገድ ላይ እንዳልተነካና ከእናንተ ዶሜይን መውጣቱን ይመሰክራል። ኤስፒኤፍ የውክልና ዝርዝር ነው፤ በስማችን ደብዳቤ ማድረስ የሚችሉት እነዚህ ናቸው ብለህ በዲኤንኤስ የምትለጥፈው። ፒቲአር ግን የመልእክተኛው መታወቂያ ነው፤ መታወቂያን ደግሞ ማንም ለራሱ አይጽፍም። ዶሜይናችሁ የእናንተ ስለሆነ ኤስፒኤፉንና ዲኪሙን ራስህ ታስገባለህ። አይፒው ግን ንብረትነቱ የመደበላችሁ የቴሌኮም ድርጅት ነው፤ ያ ቁጥር ሲጠየቅ ምን ስም እንደሚመልስ መወሰን የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራው የቁልፍ ሰሌዳ ሥራ ሳይሆን የደብዳቤ ሥራ ነው። በድርጅቱ አርማ፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማና በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍ። የኮንትራት ቁጥራችሁ፣ ሙሉው አይፒ እና እንዲመልስ የምትፈልጉት የሰርቨሩ ሙሉ ስም ይግለጽበት። «ኢሜይላችን አልሠራም» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል። «ለዚህ አይፒ የፒቲአር መዝገብ ይግባልን፤ ስሙም ይህ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ ያ ስም በራሳችሁ ዲኤንኤስ ላይ ወደዚያው አይፒ እንደሚያመለክት አረጋግጥ፤ ተቀባዮች ስሙ ወደ ቁጥሩ፣ ቁጥሩም ወደ ስሙ መምራቱን ያመሳክራሉ። ፖስትፊክስ ሲያንኳኳ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስም፣ ማለትም ማይሆስትኔም የሚለው መስመር ላይ ያለው፣ ያው ስም ይሁን። ሦስቱ ቦታ አንድ ስም።

አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ሳታውቀው በርቶ ከሆነም እይ። ጂሜይል በዚያ በኩል ለሚመጣ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ለእሱ ፒቲአር ከሌለህ ፖስትፊክስ በአይፒቪ4 ብቻ እንዲሠራ እዘዘው።

ይህ ሁሉ «ለትልልቆች ነው፤ ለ14 ሰው ቢሮ ምን አገባው?» እንዳይባል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለጂሜይል ለሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ በትክክል የሚመሳከር ፒቲአር፣ እንዲሁም በምስጠራ የተጠበቀ ግንኙነት እንዲኖረው ደንግጓል። በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ ደብዳቤ ለሚልኩ ደግሞ ሁለቱንም፣ ዲማርክንም (ሁለቱ ሲወድቁ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ የሚነግረውን መመሪያ) ጨምሮ ይጠይቃል። እኔ ለትንሽ ቢሮም ሦስቱንም ሳላስገባ አልተውም፤ አንዱ በሆነ ምክንያት ቢወድቅ ሌላው ይይዘዋልና።

አስገብቻለሁ ያልከውን ኤስፒኤፍ ደግሞ መልሰህ እየው። ከኪራይ ሰርቨር ነው የመጣችሁት፤ ስለዚህ የአከራዩ ኤስፒኤፍ እዚያው ቀርቶ ያንተ ከጎኑ ተጨምሮ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት ኤስፒኤፍ ካለ ተቀባዩ አንዱን አይመርጥም፤ ሁለቱንም ስህተት ብሎ ይጥላቸዋል። አንድ መስመር ብቻ ይቅር፤ የእናንተን አይፒ ይያዝ፤ የማትጠቀሙበት የድሮ አከራይ ስም ይውጣ። ስም እየጠራ ሌላ ጋ የሚልክ ኤስፒኤፍ ደግሞ በጠቅላላው ከ10 ጥያቄ በላይ ማስጠየቅ አይፈቀድለትም።

ዲኪም ላይ ሰው የሚሰናከለው አንድ ቦታ ነው። ቁልፉን 2048 ቢት አድርገህ ታመነጫለህ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ክፍል በዲኤንኤስ ይለጠፋል። ዲኤንኤስ ግን በአንድ ተከታታይ ጽሑፍ ውስጥ ከ255 ፊደል በላይ አይዝም፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። በጥቅስ ምልክት ለሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት። አንዳንድ የዶሜይን ማስተዳደሪያ ገጽ ራሱ ይከፍልልሃል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ጫፉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ቁልፍ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ማኅተሙ ግን በተቀባዩ ዘንድ ሁሉ አይመሳከርም። ካስገባህ በኋላ በዲግ አውጥተህ የመጨረሻዎቹን አሥር ፊደላት በእጅህ ካለው ፋይል ጋር አስተያይ። ጣትህን እየጫንክ አንድ በአንድ። ዲማርክን ለጊዜው ምንም እርምጃ በማይወስድ ደረጃ ላይ አስቀምጠውና ሪፖርት የሚመጣበት አድራሻ ስጠው፤ ጥቂት ሳምንት አይተህ ታጠብቀዋለህ።

ሲጠናቀቅ ለራስህ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ ላክና ኦሪጅናሉን አሳየኝ የሚለውን ክፈት። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ሦስቱም ማለፋቸውን እዚያ ታያለህ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሁንም አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ቢወድቅ አትደንግጥ፤ አይፒው ከዚህ በፊት ስም አልነበረውም፤ ስም የሚገኘው በሥራ ነው። ደንበኞቻችሁ ደብዳቤውን ከዚያ ሳጥን አውጥተው እንዲመልሱላችሁ ጠይቋቸው። አይፒያችሁ ስፓምሃውስ ፒቢኤል በሚለው ዝርዝር ውስጥ ካለም ጥፋተኛ ናችሁ ማለት አይደለም፤ በቀጥታ ኢሜይል ይልካሉ ተብለው የማይጠበቁ የመኖሪያ ቤት መስመሮችና መሰሎቻቸው የሚመዘገቡበት ነው። ቋሚ አይፒ ላለው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ በድረ ገጻቸው ላይ ራስህ ማስወጣት ትችላለህ።

የፒቲአሩ መልስ ቢዘገይስ? ገቢውን እዚሁ አቆይተህ ወጪውን ብቻ በፖርት 587 በኩል ደብዳቤ በሚያስተላልፍ ድርጅት መንገድ ላከው። ፖስትፊክስ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አስቀድመህ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ተነጋገርበት። ኤስፒኤፉ ላይ የአስተላላፊውን ስም መጨመርም አለብህ፤ አለበለዚያ ውክልና የሌለው መልእክተኛ ይሆናል።

ለሥራ አስኪያጁ የምትነግራቸውን በተመለከተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደብዳቤ ይጠፋል ብለው ፈርተው ከሆነ ፍርሃታቸው ልክ አይደለም። ኢሜይል ታጋሽ ነው። ሰርቨራችሁ ከጠፋ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ራሱ ሳይነካ ሲቀር 5 ቀን ይታገሣል፤ አንዳንዶቹ ግን ከዚያ ያነሰ ይታገሣሉ። የአንድ ሌሊት ጨለማ ደብዳቤ አያጠፋም። የእናንተን ደብዳቤ ያጠፋው ጨለማው ሳይሆን መብራት ከመጣ በኋላ የተሰጠው የተሳሳተ መልስ ነው። ፖስትፊክስም ደብዳቤውን ዲስክ ላይ ሳያስቀምጥ «ተረከብኩ» አይልም። ለማሽኑ የገዛችሁት ባትሪ ላይ ግን ራውተሩንም ሰካው፤ ብዙ ቢሮ ሰርቨሩን ብቻ ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳው ላይ ይተወዋል። ማሽኑም መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ላይ አስተካክል፤ ቅዳሜ ማታ ቢጠፋ ሰኞ ጠዋት ድረስ የሚያበራው ሰው የለም። ሲነሣ ሰዓቱ ትክክል መሆኑንም እይ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካረጀ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ የምስጠራ ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ለማሽኑ ገና ያልወጡ ይመስሉታል።

ምስክር ወረቀትን ካነሣሁ አይቀር፣ በነጻ የሚያድለው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠው ለ90 ቀን ነው። ከእሱ ወስደህ ከሆነ፣ ሰርቨርህ አራት ወር ስለሆነው ቢያንስ አንድ ጊዜ መታደስ ነበረበት። ዶቭኮት ግን አዲሱን እንዲያነብ ካልታዘዘ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል፤ ከእድሳቱ በኋላ ይህን ትእዛዝ የሚሰጥ መስመር መኖሩን አረጋግጥ።

የስካነር ሰነድ ስለምትልኩ ይህንም ልጨምር፦ ፖስትፊክስ ካልነካኸው የአንድን ደብዳቤ መጠን በ10,240,000 ባይት ይገድባል፤ አባሪ ፋይል ደግሞ ሲላክ በሲሶ ያህል ያብጣል። 8 ሜጋባይት የሆነ የሒሳብ መግለጫ አያልፍም ማለት ነው። ከፍ አድርገው።

ሠራተኞች የሚልኩት በ587 ወይም በ465 በይለፍ ቃል ብቻ ይሁን፤ በ25 አይሁን። ደካማ የይለፍ ቃል ያለው አንድ ሰው ይበቃል፤ ሌቦች በእሱ ስም በአንድ ሌሊት ሺህ ደብዳቤ ልከው አዲስ የገነባኸውን ስም ያበላሹታል። የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚገምተውን አድራሻ የሚዘጋውን ፌይል ቱ ባን ጫን፤ ጠዋት ጠዋትም የወረፋውን ቁጥር አንድ ጊዜ ተመልከት። ሁልጊዜ ሦስት አራት የነበረው አራት መቶ ሆኖ ካየኸው ሌላ ማስረጃ አትጠብቅ፤ መላኩን አቁምና የማን አካውንት እንደሆነ ፈልግ።

ወደ ኪራይ መመለስን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። የደንበኞችን የገንዘብ ሰነድ የሚይዝ ቢሮ ሳጥኑን በራሱ ቤት ቢያስቀምጥ ደስ ይለኛል፤ የሠራኸውም የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን አንተ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ያንን መዝገብ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢሮው ውስጥ ከሌለ፣ ሥራ አስኪያጁ ልክ ናቸው። ከሠራተኞቹ አንዱን ምረጥና 4 እና 5 ምን ማለት እንደሆኑ፣ ወረፋው እንዴት እንደሚታይ አስተምረው። ለእኔ መቆየት አለመቆየታችሁን የሚወስነው ይህ ነው።

ለነገ ጠዋት የሚሆነው ይህ ነው፦ ሶፍት ባውንስ፣ ቀጥሎ የዲግ ፈተናው፣ ከዚያ አንባውንድ፤ ከሰዓት በኋላ የላኪዎቹን ዝርዝር ለጸሐፊዋ፤ የፒቲአሩ ደብዳቤ ደግሞ ለፊርማ። የዲጉን መልስ እና ፒቲአሩ ከገባ በኋላ ከጂሜይል የምታወጣውን ሙሉ ራስጌ ላክልኝ። የዶሜይኑን ስምና የሰዎቹን አድራሻ ሸፍነው፤ ቁጥሮቹንና ሰዓቶቹን ግን አትሸፍን።